ግብር ተቀነሰ፤ ልጆችም አነበቡ፤ ሒሳቡስ?

ለአንድ የሕዝብ እንደራሴ፣ ሁለት የምሥራች በአንድ ደብዳቤ ይዞ ከመራጮቹ ፊት እንደ መቅረብ ያለ መልካም ቀን የለም። አንደኛው የምሥራች «ግብራችሁ ተቀንሷል» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ልጆቻችሁ ማንበብ ችለዋል» የሚል ነው። በአሜሪካ ደቡብ ለምትገኘው ለሚሲሲፒ ግዛት እንደራሴዎች በእነዚህ በቅርብ ዓመታት ይህ ዕድል ደርሷቸዋል። የግዛቲቱ ምክር ቤት 122 እንደራሴዎችና 52 የላይኛው ምክር ቤት አባሎች አሉት፤ በየዓመቱ በጥር ወር በጃክሰን ከተማ ተሰብስቦ ሦስት ወር ያህል ከመከረ በኋላ ይበተናል። ከዚያ ወዲያ እንደራሴው ወደ እርሻው፣ ወደ ሱቁ ወይም ወደ ጥብቅና ሥራው ሲመለስ፣ በወረዳው ጋዜጣ ላይ ወይም በደብዳቤ «ምን ሠርተን መጣን» የሚለውን ለመረጠው ሕዝብ ያስታውቃል። ልማዱ የሚመሰገን ነው። የተላከ ሰው ወደ ላኪው ተመልሶ ቃል መስጠቱ የእንደራሴነት መጀመሪያ ነውና።

ይሁን እንጂ ሁለቱ የምሥራቾች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። አንዱ አንቀጽ ስለ ግብር ይናገራል፤ ሌላው አንቀጽ ስለ ንባብ ይናገራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ግን አይታይም። ንባቡ የተገዛው በግብር ገንዘብ ነው፤ ግብሩ ሲቀነስ ንባቡ በምን እንደሚቀጥል የሚናገር ዐረፍተ ነገር ከሌለ ሪፖርቱ ግማሽ ሪፖርት ነው። እኛም በዚህ ርእሰ አንቀጽ ልንናገር የፈለግነው ስለዚያች ስለጎደለችው ዐረፍተ ነገር ነው።

ምናልባት «ሚሲሲፒ ከእኛ ምን አላት?» የሚሉን አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። እኛ ተማሪዎችና መምህራን የምንኖረው በሁለት ነገሮች ነው፤ አንዱ ሰው በሚከፍለው ግብር ነው፤ ሌላው በልጅነታችን ባገኘነው ንባብ ነው። የሁለቱ ዝምድና ከማንኛውም ቦታ ይልቅ በግልጽ የሚታይበት አገር ካለ፣ ነገሩን መርምሮ ማየት የሚጠቅመን ለእኛው ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአሜሪካን ነገር በምንናገርበት ሁሉ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ሚሲሲፒ በድህነቷና በትምህርት ኋላ ቀርነቷ በአሜሪካ ውስጥ የምትጠቀስ ግዛት ነበረች። ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ የሚከለክለው ሥርዓት ሕገ ወጥ መሆኑን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1954 ከፈረደ በኋላ፣ የግዛቲቱ ምክር ቤት ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚያስገድደውን ሕግ በ1956 እስከ መሰረዝ ደርሷል። ይኸውም «አብረው ከሚማሩ ባይማሩ ይሻላል» እንደ ማለት ነበር። ይህ ጥፋት የተስተካከለው በ1982 ነው። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር ገዢው ዊልያም ዊንተር ምክር ቤቱን ለልዩ ስብሰባ ጠርቶ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት በመንግሥት ገንዘብ እንዲሰጥና የመማር ግዴታው እንዲመለስ አደረገ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ያ ሕግ ከታክስ ጭማሪ ጋር ነበር የመጣው። እንደራሴዎቹ በዚያ ዓመት ለመራጮቻቸው የጻፉት ደብዳቤ እንደ ዛሬው የሚጣፍጥ አልነበረም ማለት ነው።

ቀጥሎ በ2000 ጂም ባርክስዴልና ባለቤቱ ሳሊ 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው በግዛቲቱ የንባብ ተቋም አቋቋሙ። ይህ ተቋም ከደረሰባቸው ነገሮች አንዱ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። መምህራንን የሚያሠለጥኑት የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለትንንሽ ልጆች ንባብ እንዴት እንደሚሰጥ ለተማሪዎቻቸው በቂ አድርገው አያስተምሩም ነበር። ጉድለቱ ከሕፃኑ ወይም ከእናቱ ከመፈለጉ በፊት በዩኒቨርሲቲው ጓዳ ተገኘ ማለት ነው።

በ2013 ምክር ቤቱ የንባብ ሕግ የተባለውን አወጣ፤ ገዢው ፊል ብራያንትም ፈረመበት። የሕጉ ሐሳብ ከፍሎሪዳ የተወሰደ ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፤ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ በየዓመቱ ደጋግሞ በንባብ ይመረመራል፤ ችግር የተገኘበት እንደሆነ ለወላጁ ይነገራል፤ ተጨማሪ ትምህርት ይሰጠዋል፤ በሦስተኛ ክፍል መጨረሻ ፈተናውን ካላለፈ ግን ወደ አራተኛ ክፍል አይዘዋወርም። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለዚህ ስለ መጨረሻው ነው። ነገር ግን የሕጉ ጉልበት ያለው ከዚያ በፊት በተሠራው ሥራ ላይ ይመስለናል። በሺህ የሚቆጠሩ መምህራን ንባብ እንዴት እንደሚሰጥ እንደ ገና ተማሩ። በውጤታቸው ዝቅተኛ ወደ ሆኑት ትምህርት ቤቶች በንባብ የሠለጠኑ ረዳቶች ተልከው ከመምህሩ ጋር በክፍል ውስጥ ሠሩ። ከ2016 ጀምሮም ለታችኛው ደረጃ መምህር ለመሆን የሚፈልግ ሁሉ የንባብ ትምህርት መሠረትን ተፈትኖ እንዲያልፍ ተደረገ።

የተማሩት ዘዴ በእኛ አገር ለቄስ ትምህርት ቤት ልጅ እንግዳ አይደለም። ልጁ ሥዕል እያየ ቃሉን ይገምት የሚለው ዘዴ ተትቶ፣ እያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠውን ድምፅ ለይቶ፣ ድምፁን አገጣጥሞ ቃሉን እንዲያወጣ ተደረገ። በስንደዶ እያመለከተ ሀ ሁን የቆጠረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ልዩነቱ የእኛ ፊደል ድምፁን በግልጽ ሲናገር፣ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ብዙ ጊዜ ከድምፁ ጋር መጣላቱ ነው፤ ስለዚህም ሥራው ለእነርሱ ይከብዳል።

ውጤቱ ምን ሆነ? በመላው አሜሪካ በሚሰጠው ብሔራዊ ምዘና የሚሲሲፒ የአራተኛ ክፍል ልጆች በ2013 በንባብ ያገኙት አማካይ 209 ነጥብ ነበር፤ ከግዛቶች ሁሉ 49ኛ ነበሩ። በ2019 ወደ 219 ደርሰው ከአገሪቱ አማካይ ጋር ተካከሉ። በ2024 ደግሞ የአገሪቱ አማካይ ወደ 214 ሲወርድ የሚሲሲፒ ልጆች 219 ላይ ጸንተው 9ኛ ሆኑ። ድሀ ግዛት ናትና አይሆንላትም ያሉ ሁሉ አፍረዋል።

እዚህ ላይ ጭብጨባችንን ጥቂት ቆም አድርገን ሁለት ነገሮችን እንጠይቅ። አንደኛ፣ «ደካማዎቹን በሦስተኛ ክፍል አስቀርታችሁ ጎበዞቹን ብቻ በአራተኛ ክፍል ብታስፈትኑ ነጥቡ ቢጨምር ምን ያስደንቃል?» የሚሉ ተቺዎች አሉ። ክርክሩ ከቁም ነገር የሚገባ ነው። ሆኖም የቀረው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አራተኛ ክፍል ገብቶ ይፈተናል እንጂ ከምድር አይጠፋም፤ ለዓመታት የዘለቀውን ዕድገት በዚህ ብቻ መተርጐም ይከብዳል። ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ያሳስበናል። በስምንተኛ ክፍል ሚሲሲፒ በ2024ም ከአገሪቱ አማካይ በታች ነበረች። በአራተኛ ክፍልም ቢሆን «ብቁ» ከተባለው ደረጃ የደረሰው ከሦስት ልጆች አንዱ ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ሥራው ተጀመረ እንጂ አላለቀም። ያላለቀ ሥራ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ገንዘብ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሌላው የምሥራች እንለፍ። በ2022 የወጣው ሕግ በገቢ ግብር ላይ የነበረውን የ4 በመቶ እርከን አጠፋ፤ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ የመጀመሪያው 10,000 ዶላር ነፃ ሆነ፤ ከዚያ በላይ ያለው 5 በመቶ ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሰ በ2026 ወደ 4 እንዲወርድ ተደረገ። ይህም በሙሉ ሲፈጸም በዓመት ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከግምጃ ቤቱ የሚያስቀር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2025 በመጋቢት ወር፣ ገዢው ቴት ሪቭስ ሌላ ሕግ ፈረመ። በእርሱም መሠረት የገቢ ግብሩ ከ2027 ጀምሮ በየዓመቱ ሩብ በመቶ እየቀነሰ በ2030 ወደ 3 በመቶ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላም የግዛቲቱ ገቢ በሕጉ የተወሰነውን ልክ ሲያሟላ እየወረደ እስከ ዜሮ እንዲደርስ ታስቧል። ለምግብ ሸቀጥ የሚከፈለው የሽያጭ ታክስ ከ7 በመቶ ወደ 5 ተቀነሰ። የቤንዚን ታክስ በአንጻሩ በሦስት ዓመት ውስጥ በጋሎን 9 ሳንቲም እንዲጨምር ተወሰነ።

ቅነሳውን በጅምላ የምንነቅፍ አይደለንም። በተለይ የምግቡ ነገር የሚደገፍ ነው። ሚሲሲፒ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሽያጭ ታክስን በአሜሪካ ቀድመው ካቋቋሙት ግዛቶች አንዷ ነች፤ በምግብ ላይ ትጥለው የነበረው 7 በመቶም ከግዛቶች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ዱቄትና ወተት የሚገዛ ድሀ ከባለጠጋው እኩል ታክስ ይከፍል የነበረበት ሥርዓት ፍትሕ የለውም። ቁጥሩን ግን ሁሉም ሰው በገዛ እጁ ያስላው። በሳምንት የ100 ዶላር ምግብ የሚገዛ ቤተሰብ 2 ዶላር ይተርፍለታል። ያው ቤተሰብ በሳምንት 10 ጋሎን ቤንዚን የሚያቃጥል ከሆነ፣ ጭማሪው ሲጠናቀቅ 90 ሳንቲሙን መልሶ ይከፍላል። የገቢ ግብሩ ከ4 ወደ 3 ሲወርድ ደግሞ ግብር የሚከፈልበት ገቢው 100,000 ዶላር የሆነ ሰው በዓመት 900 ዶላር ይቀርለታል፤ 20,000 የሆነው 100 ዶላር ይቀርለታል፤ ከ10,000 በታች የሆነው ምንም አይቀርለትም። «ግብራችሁ ተቀንሷል» የሚለው ቃል ለሦስቱም በአንድ ፖስታ ይደርሳል፤ ገንዘቡ ግን እኩል አይደርስም።

የ2025ን ሕግ ስናነሳ ልናልፈው የማይገባ አንድ ነገር አለ። የላይኛው ምክር ቤት በ2030 ቀጥሎ የሚመጣው ቅነሳ እንዲዘገይ ፈልጎ ነበር፤ ስለዚህም ገቢ ከወጪ በልጦ የተረፈው ገንዘብ የአንድ በመቶ ቅነሳ ከሚያስከፍለው ወጪ ቢያንስ 85 በመቶ ካልሆነ ቅነሳው እንዳይቀጥል አሰበ። በረቂቁ ላይ ግን የነጥብ ምልክት ስሕተት ገብቶ 85 በመቶ የነበረው ዜሮ ነጥብ 85 በመቶ ሆኖ ተጻፈ። ከባዱ መዝጊያ በአንዲት ነጥብ ምክንያት በጣት የሚገፋ ሆነ። የታችኛው ምክር ቤት መሪዎች ስሕተቱን አይተው፣ ቅነሳው እንዲፈጥን ይፈልጉ ስለ ነበር፣ ረቂቁን እንዳለ አሳልፈው ለገዢው ላኩት፤ ገዢውም ፈረመበት። የስምንት ዓመት ልጅ አንዲት ቃል አሳስቶ ቢያነብ በሦስተኛ ክፍል የሚያስቀር ሕግ ያወጣ ምክር ቤት፣ ራሱ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያዝዝ ሕግ ሳያነብ አሳለፈ። በሰው ስሕተት መሳለቅ አልፈለግንም። ሆኖም ንባብ ለልጆች ብቻ የሚታዘዝ ግዴታ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለንም። ለድሀው ልጅ ሦስት ጊዜ ተመርመር ከተባለ፣ ለሕግ አውጪውም ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ሦስት ጊዜ አንብብ ማለት ተገቢ ነው።

አሁን የጎደለችውን ዐረፍተ ነገር ራሳችን እንጻፋት። የንባቡ ሥራ ለብቻው ሲታይ ርካሽ ነው። ለእርሱ የሚመደበው ገንዘብ በዓመት 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ በቢሊዮን ከሚቆጠረው የግዛቲቱ በጀት ጎን ይህ ኢምንት ነው። ስለዚህ «ግብር ተቀነሰና ነገ ጠዋት ልጆች ማንበብ ያቆማሉ» የሚል ሰው ካለ፣ እውነቱን አጋንኖታል። እኛ ይህን አንልም። እኛ የምንለው ሌላ ነው። የንባብ ረዳት ብቻውን ልጅ አያስተምርም። ረዳቱ የሚረዳው በክፍሉ ውስጥ መምህር ሲኖር ነው፤ መምህሩ የሚቆየው ደመወዙ ሲያኖረው ነው፤ ደመወዙ የሚከፈለው ከግዛቲቱ ግምጃ ቤት ነው፤ ከግምጃ ቤቱ ጠቅላላ ገቢ ደግሞ ወደ ሲሶ የሚጠጋው የሚመጣው እንዲጠፋ ከተፈረደበት ከገቢ ግብር ነው። ሰንሰለቱ ይህ ነው፤ አንዱን ቀለበት ይዞ ሌላውን መልቀቅ አይቻልም።

በ2022 ምክር ቤቱ ለመምህራን በአማካይ 5,140 ዶላር የዓመት ደመወዝ ጭማሪ አደረገ፤ በዚያው ስብሰባም ግብሩን ቀነሰ። ሁለቱን በአንድ ላይ ማድረግ የተቻለው ግምጃ ቤቱ ሞልቶ ስለ ነበር ነው፤ በወረርሽኙ ጊዜ ከፌዴራል መንግሥት የፈሰሰውም ገንዘብ ለዚህ ረድቷል። የጥጋብ ዓመት ግን ሁልጊዜ አይመጣም፤ የግብር ሕግ ደግሞ በጥጋብም በረኃብም ይሠራል። ከዚህ በላይ የሚያስገርመው፣ ያው የ2025 የግብር ሕግ በውስጡ ከመጋቢት 2026 ወዲህ የሚቀጠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ከቀድሞዎቹ ያነሰ ዋስትና እንዲኖረው የሚያደርግ ክፍል ይዟል። መምህራንም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እንግዲህ በአንድ ሕግ ውስጥ የግብር ቅነሳውና የአዲሱ መምህር ጡረታ ተጋጥመው ሳለ፣ በእንደራሴው ደብዳቤ ላይ ተለያይተው መታየታቸው ለምንድን ነው?

ቅነሳውን የሚደግፉ ሰዎች መልስ አላቸው። እንደ ቴክሳስ፣ እንደ ፍሎሪዳና እንደ ቴነሲ ያሉ ግዛቶች የገቢ ግብር የላቸውም፤ ሰውና ፋብሪካም ወደ እነርሱ ይሄዳል፤ እኛም ብናጠፋው ሀብት ይመጣል፤ ሀብት ሲመጣ ትምህርት ቤቱም ይጠቀማል ይላሉ። ይህ ተስፋ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ተስፋ በጀት አይደለም። በ2012 የካንሳስ ግዛት በዚሁ ተስፋ የገቢ ግብሯን በብርቱ ቀነሰች። የተጠበቀው ሀብት ሳይመጣ የበጀት ጉድለት መጣ፤ በ2017 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ገንዘብ በቂ አይደለም ሲል ፈረደ፤ በዚያው ዓመት የራሱ የገዢው ወገን የሚበዛበት ምክር ቤት የገዢውን ተቃውሞ ሽሮ ቅነሳውን መለሰው። ሚሲሲፒ የካንሳስን መንገድ ትከተላለች ብለን አንተነብይም፤ ቅነሳው ቀስ በቀስ መደረጉም ከካንሳስ ይለየዋል። ነገር ግን ጎረቤት የወደቀበትን ጉድጓድ እያየ የሚራመድ ሰው ቢያንስ ዐይኑን መክፈት አለበት።

ሌላዋ ጎረቤት አላባማ ሒሳቡን በግልጽ የምታሳይ ናት። በዚያ የገቢ ግብርና የሽያጭ ታክስ አብዛኛው የሚገባው ለትምህርት ብቻ ወደ ተለየ ግምጃ ቤት ነው። የአላባማ ምክር ቤት በ2019 የራሱን የንባብ ሕግ አወጣ፤ በምግብ ላይ የነበረውን 4 በመቶ ታክስም በ2023 ወደ 3፣ በ2025 ወደ 2 አወረደ። የታክሱ ገንዘብ የትምህርት ገንዘብ ስለሆነ፣ ቅነሳው ሲነሳ «የትምህርት ግምጃ ቤቱ ይችለዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሳቱ ግድ ሆነ። ይህን አሠራር እንደ ፍጹም አርአያ አናቀርበውም፤ ሆኖም ድልድዩ እንዲታይ ማድረጉ መልካም ጎኑ ነው።

ግብርና ንባብ በሚሲሲፒ የተገናኙት አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። በ1890 የተጻፈው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት፣ ድምፅ ለመስጠት የሚፈልግ ሰው 2 ዶላር የራስ ግብር እንዲከፍል፣ ደግሞም ከሕገ መንግሥቱ አንዱን ክፍል እንዲያነብ ወይም ሲነበብለት ተረድቶ እንዲተረጕም አዘዘ። ፈታኙ ነጭ ሹም ነበር፤ የሚወድቀው ማን እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በዚህ ብልሃት ጥቁሩ ሕዝብ ሁለት ትውልድ ተኩል ያህል ከምርጫ ሣጥን ተባረረ። በ1964 ተማሪዎች ከየዩኒቨርሲቲው ወደ ሚሲሲፒ ወርደው የነፃነት ትምህርት ቤቶች በመባል የታወቁትን ሲከፍቱ፣ ንባብ ማስተማር ራሱ ለሕይወት የሚያሰጋ ሥራ ነበር። በዚያው ዓመት የጸደቀው 24ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያና የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ያን ግድግዳ አፈረሱት። ይህን ታሪክ የምናነሳው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ግብርና ንባብ አንድ ጊዜ ሰውን ከፖለቲካ ለማስወጣት በአንድነት ከሠሩ፣ ዛሬ ሰውን ወደ ውስጥ ለማስገባት በአንድነት መሥራት እንደሚችሉ ለማሳየት ነው። ዛሬ በሦስተኛ ክፍል ያለችው ልጅ ነገ የእንደራሴዋን ደብዳቤ የምታነብ መራጭ ናት። ደብዳቤው ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይል ለይታ ማየት ከቻለች፣ የተከፈለላት ግብር በከንቱ አልጠፋም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ይህን ዝምድና የእኛም አገር በስም ጠርታው ታውቃለች። በእኛ አቆጣጠር በ1940 ዓ. ም. የወጣው ዐዋጅ በመሬት ላይ የጣለው ግብር ስሙ ራሱ «የትምህርት ግብር» ነበር፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ለሚሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲውል የታዘዘ ነው። ከፋዩ ገበሬ ገንዘቡ ለምን እንደሚሄድ ከስሙ ያውቅ ነበር፤ ለልጁ ደርሶለታል ወይስ አልደረሰለትም የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በ2002 ዓ. ም. በአገራችን በተደረገው የንባብ ምርመራ፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ታውቋል። በ2017 ዓ. ም. ደግሞ ግብር የማይከፈልበት የደመወዝ መጠን ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ እንዲል ምክር ቤታችን ወስኗል። ይህም ለዝቅተኛው ደመወዝተኛ ተገቢ እፎይታ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ስብሰባ ላይ አንሥቶ «የመጀመሪያው ችግር ከሁለተኛው ቅነሳ በኋላ በምን ገንዘብ ይጠገናል?» ብሎ መጠየቅ የማንም ሥልጣን ሳይሆን የሁላችንም ሥራ ነው።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ እንደራሴ ሒሳብ ሲያቀርብ ሁለቱን ገጽ በአንድነት ያቅርብ። የቀነሰውን ሲናገር ከየት እንደሚተካው፣ ያስገኘውን ሲናገር ምን እንዳስወጣ ይናገር። ይህ የጠላትነት ጥያቄ አይደለም። ሥራውን በቅንነት ለሠራ እንደራሴ መልሱ ክብሩ ነው፤ ለሌላው ደግሞ ሕዝብ ማወቅ ያለበት ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ነገ መምህር የምትሆኑ ጓደኞቻችን ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲዎች ጉድለት ተማሩ። ለሕፃን ንባብ ማስተማር ትንሽ ሥራ ነው ብሎ የሚንቅ ተማሪ፣ ትንሹን ሥራም አያውቀውም። መምህሮቻችንም የልጅ ንባብ እንዴት እንደሚሰጥ የሚያስተምረውን ኮርስ በፕሮግራማቸው ጥግ እንዳይወረውሩት በአክብሮት እንጠይቃቸዋለን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን፣ ለሚያስተምረውም ለሚማረውም ያሉት ነው።

ሦስተኛ፣ ራሳችን እናንብብ። ሕግ ሲወጣ ርእሱን ሰምቶ ከማጨብጨብ ወይም ከመጮህ በፊት ዝርዝሩን እስከ ነጥቡ እናንብብ። በጃክሰን ከተማ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ስትስት የላይኛው ምክር ቤት አባሎች በላይዋ አልፈውባታል። ተማሪ የሚባል ሰው ከሌላው የሚለየው ባርኔጣው ወይም ዲግሪው ሳይሆን፣ እንዲህ ያለችውን ነጥብ ለማየት መድከሙ ነው።

ግብር መቀነስ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ማንበቡ ግን ሁልጊዜ መልካም ነው። ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም መወሰን የሕዝብ ሥልጣን ነው። ሕዝብ እንዲወስን ግን ሒሳቡ ከፊቱ ተዘርግቶ ሊያነበው ይገባል። ከእንደራሴዎቻችን የምንለምነው ይህን ሒሳብ ነው፤ ከራሳችን የምንጠብቀውም ሒሳቡ በመጣ ጊዜ አንብበን መገኘታችንን ነው።